ሊስትሮው ያየው አጥንት

መጀመሪያ ያየው ሊስትሮው ነው። ከመሥሪያ ቤቴ በር አጠገብ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሞላው ነው። ጥቁሩን የሥራ ጫማዬን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረና «እትዬ፣ ይቺ ጫማ በዚህ በኩል ምን ነካት?» አለኝ። አየሁት። ከአውራ ጣቴ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ቆዳው እንቁላል የዋጠ ይመስል ተቆዝሯል። እዚያች ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። የግራውንም አንስቶ አሳየኝ። እሱም ያው ነው፣ ትንሽ ያንሳል እንጂ። «ምነው፣ ጫማው ተበላሸ እንዴ?» ስለው ሳቅ አለና «ጫማውማ እግርዎን መስሎ ነው» አለኝ።

እግሬን ከዚያ በፊት አላየሁትም ማለቴ አይደለም። ማታ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ቀልቶ ይጠብቀኛል። አሸት አሸት አደርገዋለሁ፣ ቫዝሊን እቀባዋለሁ፣ እተኛለሁ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በቀን ስምንት ሰዓት በታኮ ጫማ ቆሞ መዋል እንጀራዬ ነው። ሲያመኝ «ቆሜ ስለዋልኩ ነው» እላለሁ። ቆሞ ውሎ እግሩን የማያመው ማን አለ?

ደግሞም ነገሩ ለቤታችን አዲስ አይደለም። እኛ ቤት «የእማዬ አጥንት» ይባላል። እናቴ አላት፣ የእናቴም እናት ነበራት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ ሲወለቅ የማን ዘመድ እንደሆንን ከእግራችን ይታወቃል እየተባለ ይቀለድብናል። ሐኪሞቹ ሃሉክስ ቫልገስ ይሉታል። በብዛት የሚታወቀው ግን ቡኒየን በሚለው ስሙ ነው።

ሁላችንም «አጥንት በቀለባት» ነበር የምንለው። ስህተት ነው። ጎበጥ ያለችው ነገር በአብዛኛው አዲስ የበቀለ አጥንት አይደለችም። የነበረው አጥንት ነው ቦታውን የለቀቀው። ከአውራ ጣት ኋላ ተነስቶ ወደ ቁርጭምጭሚት የሚሄድ ረጅም አጥንት አለ። እሱ ቀስ በቀስ ወደ ሌላኛው እግር ያዘነብላል። አውራ ጣቱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ጎረቤቶቹ ጣቶች ይጋደማል። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲሄድ መገጣጠሚያው እንደታጠፈ ክርን ሹል ብሎ ይወጣል። ጫማ ያንን ሹል ቀኑን ሙሉ ሲፈትገው ቆዳው ይቀላል፣ ከሥሩ ያለችው ውሃ ያዘለች ከረጢት ትቆጣለች። እኔ ማታ ማታ የማሸው እሷን ነበር።

ክፋቱ፣ አንዴ መጋደም ከጀመረ ራሱን በራሱ ይገፋል። አውራ ጣትን የሚያጥፉትና የሚያቃኑት ጅማቶች ድሮ በመሐል ነበር የሚያልፉት። ጣቱ ሲጋደም እነሱም ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ከዚያ በኋላ በተራመድን ቁጥር እንደ ደጋን ጅማት ይወጠሩና ጣቱን ይበልጥ ወደ ጎረቤቶቹ ይስቡታል። ይህን የሚያስረዳኝ ሰው እስካገኝ ድረስ ብዙ ገንዘብ በከንቱ አፍስሻለሁ።

አንደኛው ከቴሌግራም ቻናል የገዛሁት ማታ የሚታሰር ፕላስቲክ ነው። «በ30 ቀን ቀጥ ያደርጋል» ይላል። እውነት ነው፣ ቀጥ ያደርጋል፤ እስከታሰረ ድረስ። ጠዋት ስፈታው ጣቴ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌሊቱን ሙሉ የታሰረውን ቀን ላይ አንድ ሺህ እርምጃ ይፈታዋል። አርባ ቀን አሰርኩት። ልጄ «እማ፣ ሮቦት መሰልሽ» ትለኛለች። አሁን የት እንዳለም አላውቅም።

ሁለተኛው ወጌሻ ነበር፤ እማዬ ናት የላከችኝ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ እጁም ልምድ አለው። ግን ወጌሻ የሚያቃናው ወለምታ ነው፣ ይህ ወለምታ አይደለም። የወጣ ነገር የለም የሚመለስ። ዓመታት የፈጀ ዝንባሌ ነው። ሲጎትተው ያወጣሁት እንባ እስካሁን ይታወሰኛል፤ ለሳምንት እያነከስኩ ነው ሥራ የገባሁት። (ለወለምታም ቢሆን ራጅ ይቅደም ባይ ነኝ፤ እማዬ ግን በዚህ አትስማማም።)

ሦስተኛው ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ነው። አልጋ ላይ አስተኝተው ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮት አንስቶ አየና «ኦፕራሲዮን ነው፣ መቼ ይመችሻል?» አለኝ። ጫማዬን አላየም። ስራመድ አላየኝም። የት ላይ እንደሚያመኝ እንኳ አልጠየቀኝም። ከመግባት እስከ መውጣት አምስት ደቂቃ አይሞላም። በደረጃው ስወርድ ያሰብኩት ስለ ሕመሙ አልነበረም። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሊፍት የለም። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱም እታች ነው። ጀሪካኑን ማን ያወጣዋል?

የሥራ ባልደረባዬ ሌላ የአጥንት ሐኪም ጠቆመችኝ። ሸምገል ያሉ ናቸው። መጀመሪያ ያሉኝ «ጫማሽን አውልቂና እስከ በሩ ሄደሽ ተመለሺ» ነው። ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ቀጥሎ ጫማዬን አንስተው እንደ ሊስትሮው አገላብጠው አዩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ያምሻል ወይስ ያስጠላሻል?»

አሰብኩ። ሁለቱም ነው። ግን የትኛው ይበልጣል ለሚለው ወዲያው መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ቀጠሉ፤ «ካስጠላሽ አልነካውም። ለመልክ ብዬ አጥንት አልቆርጥም። ካመመሽ እንነጋገራለን።» በኋላ ሳነብ እንዳየሁት ይህ የእሳቸው ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የእግርና የቁርጭምጭሚት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም የማያም ቡኒየን ኦፕራሲዮን አይደረግ ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የማያም እግር ይዞ የገባ ሰው የሚያም እግር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ራጁን ቆሜ እንድነሳ አዘዙ። ለካ ይህ ጉዳይ ተኝቶ አይታይም። ክብደት ሲያርፍበት ነው አጥንቱ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚታወቀው። ኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ፣ አንዱን በረጅሙ አጥንት፣ አንዱን በአውራ ጣቱ ላይ። በመሐላቸው ያለውን ማዕዘን አነበቡ። እስከ 15 ዲግሪ የጤና ነው። እስከ 20 ቀላል፣ ከ20 እስከ 40 መካከለኛ፣ ከ40 በላይ ከባድ ይባላል። የእኔ ቀኝ 24፣ ግራው 18። «ግን» አሉኝ፣ «ዲግሪው አይደለም የሚወስነው። 35 ሆኖ ገበያ ወጥቶ የሚገባ አለ፣ 20 ሆኖ እንቅልፍ የሚያጣ አለ።»

«ጫማ ነው ያመጣብኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይህ ነበር። እማዬ በሕይወቷ ታኮ ጫማ አድርጋ አታውቅም፤ ልጅነቷን በባዶ እግር፣ ቀጥሎ በኮንጎ ጫማ፣ ከዚያ በነጠላ ጫማ ነው ያሳለፈችው። አጥንቷ ግን ከእኔ ይብሳል። መልሳቸው «ዘሩ ያጎርሳል፣ ጫማው ያስውጣል» የሚል ነበር። የላላ መገጣጠሚያ፣ የእግር ቅርጽ፣ እነዚህ ይወረሳሉ። ጫማ ደግሞ የተወረሰውን ያፈጥነዋል።

ይህን የሚያሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ፣ ሆንግ ኮንግ ላይ የተጠና ጥናት አለ። ጫማ ከሚያደርጉት ቻይናውያን መሐል 33 በመቶው ላይ ሃሉክስ ቫልገስ ተገኘ። ባዶ እግራቸውን ከሚኖሩት ላይ ግን 1.9 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኬምብሪጅ ከተማ ውስጥ የተቆፈሩ የ177 ሰዎችን አጽም መርምሯል። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ከሞቱት 6 በመቶው ላይ ነው ችግሩ የታየው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 27 በመቶ አደገ። በመሐሉ የሆነው ፋሽን ነው። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ጫማ መጣ፣ ወንዱም ሴቱም አደረገው፣ ሀብታሞቹና መነኮሳቱ ይበልጥ ተጎዱ። መነኮሳቱ! እኔ በሥራ ግዴታ ነው ያደረግኩት፤ እነሱን ምን አስገደዳቸው?

በዚያ ቀን የታዘዘልኝ መድኃኒት አልነበረም። የቤት ሥራ ነበር። «ማታ፣ ቆመሽ፣ እግርሽን ወረቀት ላይ አስምሪ። ጫማሽን አምጥተሽ ላዩ ላይ አስቀምጪ።» ማታ የተባለው እግር ሲውል ስለሚያብጥ ነው።

ከልጄ ደብተር ገጽ ገነጠልን። መሬት ላይ ቆምኩ፣ እሷ ተንበርክካ በእርሳስ ዙሪያዬን አሰመረች። አጥንቷ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመችና እንደ ኩርባ መንገድ ዞረች። ከዚያ ጥቁሩን ጫማ ስዕሉ ላይ አስቀመጥን። ጫማው ስዕሉን መሸፈን ነበረበት። የሸፈነው ግን ተረከዙንና መሐሉን ብቻ ነው። ከፊት በኩል የእርሳሱ መስመር ከጫማው ውጭ ቀረ፤ ግራና ቀኝ፣ ጣት የሚያህል። ልጄ ዝም ብላ አየችው። «እማ፣ ታዲያ የቀረው እግርሽ የት ነው የሚገባው?»

ያለኝን ጫማ ሁሉ አወጣን። ሰባት ነበር። ስዕሉን ያለፉት ሁለቱ ናቸው፤ አንደኛው የሻወር ነጠላ ጫማ ነው። ለሠርግ የገዛሁት ወርቃማው ጫማ ስዕሉ ላይ ሲቀመጥ እንደ ቢላዋ ነበር የሚመስለው። ሻጩ «ሲደረግ ይለቃል» ብሎኝ ነበር። አልለቀቀም። የለቀቀው እኔን ነው።

ሆቴሉን ሰፊ ጫማ ላድርግ ብዬ ስጠይቅ መጀመሪያ ዩኒፎርም ነው ተባልኩ። ሐኪሙ በሁለት መስመር ጽፈው የሰጡኝ ወረቀት ነው የገላገለኝ። ይህን ለሌሎች ቆመው ለሚሠሩ እህቶች እነግራለሁ፤ ማስታገሻ ከመታዘዙ በፊት ወረቀት ይጻፍልሽ። ከዚያ መርካቶ ሄጄ ጫማ ሰሪ ፈለግኩ። ስዕሉን ይዤ ነው የሄድኩት። ሰውዬው አንድም ነገር አልጠየቀኝም። የእንጨት ፎርማውን አወረደ፣ ቁራጭ ቆዳ አነሳ፣ ልክ አጥንቷ የምትወጣበት ቦታ ላይ በማስቲሽ ለጠፈው። ጠርዙን በቢላዋ አሳሳ። አንድ ሌላ ንብርብር ደገመበት። አሁን ፎርማው ራሱ ቡኒየን አወጣ። ጫማው በዚያ ላይ ነው የተወጠረው። «ስንቱን ሴት ነው እንዲህ የምሠራላት» አለኝ። ተረከዙ ሦስት ሳንቲሜትር አይሞላም። ፊቱ ክብ ነው። አያምርም ልበል? ሱሪ ሲወርድበት ማንም አያየውም።

ከጫማው ሌላ ያደረግኩት ትንሽ ነው። በመጀመሪያና በሁለተኛ ጣቴ መሐል የምትገባ ለስላሳ ሲሊኮን አለች፤ ጣቶቹ እንዳይፋተጉ ትረዳለች፣ አታቃናም። ሲቆጣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አሥር ደቂቃ። በጣም ሲብስ ለሁለት ለሦስት ቀን አይቡፕሮፌን፣ ጨጓራ ስላለብኝ ከምግብ በኋላ፣ እሱም ተጠይቆ። የባት ጅማቴን ግድግዳ ተደግፌ እወጥራለሁ። በስምንት ወር ውስጥ አጥንቷ ቅንጣት አልቀነሰችም። ትቀንሳለች ያለኝም የለም። ሕመሙ ግን ሄዷል ማለት ይቻላል።

የእማዬ ነገር ሌላ ነው። እማዬ ስኳር አለባት። የዛሬ ሦስት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ካልሲዋ ላይ ደም አየሁ። አጥንቷ ላይ ቆዳው ተልጦ ቆስሏል። «መቼ ነው?» ስላት «ምኑ?» አለችኝ። አልተሰማትም። ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ዓይኗን አስጨፍነው ቀጭን የናይለን ክር ውስጠ እግሯ ላይ እየነኩ «ሲሰማዎት ይንገሩኝ» አሏት። አሥር ጊዜ ነኳት። አራት ጊዜ ብቻ ነው «አሁን» ያለችው። ከዚያ የእግሯ ጀርባ ላይ የደም ሥር ትርታ ፈለጉ፣ ደክሞ አገኙት። ለእሷ ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር በቀላሉ የሚነሳ አይደለም፤ ቁስሉ ላይድን ይችላል። የእሷ ሕክምና በየማታው እግሯን ማየት ነው። የማታየውን እኔ አያለሁ፣ ወይም መስታወት መሬት ላይ እናስቀምጣለን።

ደግሞ እማዬ ማንም ሳይነግራት የሠራችው አንድ ነገር አለ። ጫማዋን በምላጭ አጥንቷ ጋ በክብ ቆርጣዋለች። እኔ በጊዜው አፍሬባት ነበር። ሐኪሙ ቀዳዳውን አይተው ጠርዙ ቆዳዋን እንዳይቧጥጥ ለስላሳ ነገር እንድታለብሰው ብቻ ነገሯት። «ሐሳቡ ግን ትክክል ነው እማማ» ሲሏት ዘወር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም።

ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ናት። የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ትሠራለች፣ አንዳንዴ አሥራ ሁለት ሰዓት በእግሯ። ሰፊ ጫማ ሞክራለች፣ ውድ የውስጥ ሶል አሠርታለች፣ አልሆነም። ሁለተኛ ጣቷ አውራው ላይ መውጣት ጀምሮ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀኝ እግሯን ኦፕራሲዮን አደረገች። አጥንቱን እንደ ዜድ ፊደል ቆርጠው፣ አናጺ ሁለት እንጨት እንደሚያጋጥመው አንሸራተው፣ በሁለት ትናንሽ ብሎን አሠሩት። ከመቶ በላይ የአሠራር ዓይነት አለው አሉ፤ ይህ አንዱ ነው። እግሯን ብቻ አደንዝዘው በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ሸኟት።

በስልክ ስታወራኝ ስለ ቢላዋው ብዙም አላለችም። ያወራችው ስለ ቀጣዩ ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንት እግር ከልብ በላይ ተሰቅሎ። ስድስት ሳምንት ታችው ድርቅ ያለ ጫማ ተደርጎ በተረከዝ መሄድ። ቀኝ እግር ስለሆነ መኪና መንዳት የለም፤ አገሩ ደግሞ ያለ መኪና አይሆንም። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው የማኅበር እህቷ ነበረች። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ የሄደው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። አውራ ጣቷ በውስጥ በኩል አንድ ቦታ ላይ እስካሁን ደንዝዟል፣ እንደ ድሮውም አይታጠፍም። «ቢሆንም ደግመሽ ታደርጊዋለሽ?» አልኳት። «ያኔውኑ» አለችኝ። ፈረቃዋን ሳታነክስ ትጨርሳለች።

ሐኪሜ እሷን አልተቃረኑም። እንዲያውም አንድ ጥናት ጠቀሱልኝ። ፊንላንድ ውስጥ 209 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። አንዱ ክፍል ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ አንዱ የውስጥ ሶል ተሰጠው፣ አንዱ ጠበቀ። በስድስተኛው ወር ሶሉም ሕመም ቀንሶ ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን የሶሉ ጥቅም ጠፋ፤ ኦፕራሲዮን የተደረጉት በለጡ። ስለዚህ «ኦፕራሲዮን ጥቅም የለውም» የሚሉኝን አልሰማም። ጥቅም አለው፣ ለሚያመው ሰው። አጥንቱ ተመልሶ ሊጋደም እንደሚችል፣ መገጣጠሚያው ሊደርቅ እንደሚችል፣ ሸክሙ ወደ ሁለተኛው ጣት ሥር ሊዛወር እንደሚችልም ታውቆ ነው።

እኔን የያዘኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደረጃው። ቆጥሬዋለሁ፣ 72 ነው። ሁለተኛውን ስናገር ሐኪሙ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ስቅለት ነው። ስግደት ላይ ስንበረከክና ስንነሳ ክብደታችን የሚያርፈው በታጠፈው አውራ ጣት ላይ ነው። ዘንድሮ በአዲሱ ጫማዬ ወራት ስላሳለፍኩ ይሁን አላውቅም፣ ባዶ እግሬን እስከ ማታ ሰገድኩ። ጣቱ የሚደርቅ ከሆነስ? «ይህንንም ጻፊውና ሚዛኑ ላይ አስቀምጪው» አሉኝ።

ተስማማን። በዓመቱ ቆሜ ራጅ እነሳለሁ። በሰፊ ጫማም እያለሁ የሚያመኝ ከሆነ፣ ወይም ሁለተኛ ጣቴ መውጣት ከጀመረ፣ ኦፕራሲዮን እደረጋለሁ። ልጄም ያኔ ጀሪካን ለማንሳት ትደርሳለች፤ እሷ ይህን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች።

እህቴ ባለፈው ሳምንት ደወለች። ግራው ጀምሯታል። እሱንም ጥቅምት ላይ ላሠራው ወይ ስትለኝ የወረቀቱን ነገር ነገርኳት። ማታ፣ ቆመሽ፣ በእርሳስ። በማግሥቱ ፎቶ ላከች። ስዕሉ አለ፣ ላዩ ላይ አዲስ ነጭ ስኒከር። መስመሩ በሁለቱም በኩል ከጫማው ውጭ ነው። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «ይሄን ጫማ የገዛሁት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው።»